የአማቴ የሳል ፈቃድ

ኮሮና አገራችን የገባ ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘጋና እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ የዓለምን ወንዞች በቃሌ የምወጣው ሰውዬ፣ ከሳሎን እስከ ጓሮ ብቻ የምጓዝ የቤት ሰው ሆንኩ። ከተማችን ሶዶም ጭር ብላ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው። ብዙ ዓመት ጠብቀን፣ ብዙ ተጸልዮልን፣ «እስካሁን ምን ነካችሁ?» የሚሉ ዘመዶችን በፈገግታ ስንሸኝ ኖረን ያገኘናት ልጅ ናት። ከእኛ ይበልጥ የሚጠብቋት ግን አማቴ ነበሩ። አማቴ ከሻንቶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ እንሰታቸውን ራሳቸው የሚፍቁ፣ ታምሜ ዋልኩ ብለው የማያውቁ ባልቴት ናቸው። ለአራስ ቤት የሚሆነውን ቅቤ ማጠራቀም የጀመሩት ገና ሳንጋባ ነው እያለች ባለቤቴ ታማቸዋለች።

ያን ሰሞን ታዲያ አማቴ ወፍጮ ቤት ማዘውተር ጀመሩ። ባለቤቴ ጠዋት ስትደውል ወፍጮ ቤት ናቸው፤ ከሰዓት ስትደውልም ወፍጮ ቤት ናቸው። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ «ሳሮ? ሳሮ?» ከሚለው ሰላምታ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። «ይህን ሁሉ ዱቄት ማን ሊበላው ነው?» ትለኛለች ስልኩን ዘግታ። የሚያስፈጩት ግን ግማሽ ጣሳ በቆሎ ነበር። አንዳንድ ቀን የትናንቱን ዱቄት ይዘው ሄደው «ትንሽ ይድቀቅልኝ» ይሉ ነበር አሉ።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። በመንደራቸው አንድ ወሬ ተነዝቷል፤ የሚስል ሰው ከተገኘ ነጭ የለበሱ ሰዎች በመኪና ይወስዱታል፣ ከሞተም ያለ ለቅሶ ይቀብሩታል የሚል። የእኛ ሰው ሞትን አይፈራም ባልልም፣ ያለ ለቅሶ መቀበርን ግን ከሞት አብልጦ ይፈራል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ሳሉን መዋጥ ጀመረ። አማቴ ደግሞ ሳል የያዛቸው ኮሮና የሚባል ስም ሳይሰማ፣ ከጥምቀት በፊት ነው። ውጠው ውጠው ሲያቅታቸው ወፍጮ ቤት ትዝ አላቸው። ሞተሩ ሲነሳ ሰው የፈለገውን ያህል ቢስል አጠገቡ ያለው አይሰማውም። ይህን ያወቁት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ወረፋው ላይ ጥቂት እህል ይዞ የሚቆመው ሁሉ፣ ተራው ሲደርስ ለጎረቤቱ የሚለቀው ሁሉ፣ ለካ የመጣው ሊስል ነው። በሩ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው፣ ዱቄት የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ተፋፍገው አብረው ይስላሉ፤ ሲወጡም አፋቸውን ጠርገው በክርን ሰላም ይባባላሉ።

አንድ የገበያ ቀን የወፍጮው ቺንጊያ ተበጠሰ። ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ሰውም ከሞተሩ እኩል ቀጥ አለ። አማቴ ግን ጀምረውት ስለነበር መሃል ላይ ማቆም አቃታቸው። ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ያን የመሰለ ሳል ብቻውን ተሰማ። ሁሉም ዞሮ አያቸው፤ አብሯቸው ሲስል የከረመው ሁሉ ሳል የሚባል ነገር በሕይወቱ ያልሰማ መስሎ ፈዘዘ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁልጊዜ ከኋላቸው ቆመው ይስሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጣሳቸውን ጥለው ከሁሉ በፊት ሮጡ። አማቴ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ የሚገርማቸው ሳሉ አይደለም፤ የሽማግሌው ሩጫ ነው።

ቀበሌው ለጤና ጣቢያ ደወለ፣ ነጭ የለበሱትም መጡ። «አፍንጫዬ ገብተው አንጎሌን ነክተው ወጡ» ብለው ነው ምርመራውን የሚገልጹት። ውጤቱ እስኪመጣ ከግቢ እንዳይወጡ ተነገራቸው። ጎረቤቱ ምግባቸውን አጥር ላይ እያንጠለጠለ ሰነበተ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አጥሩን ተደግፎ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት። «እማማ፣ ውጤትዎ መጥቷል። ነፃ ነዎት» አለ ሰውዬው። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ደዋዩ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ይመስላል፣ ቶሎ ዘጋ። ታዲያ ይህ ሳል ከምን መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሳል ማለት ኮሮና ነው፣ ኮሮና ካልሆነ ደግሞ ምንም አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ የሳል ፈቃድ አወጡ። ገበያ ላይ ይስላሉ፣ ለቅሶ ቤት ይስላሉ፣ ቸርች ሲከፈት መዝሙሩ መሃል ይስላሉ። ሰው ቀና ብሎ ካያቸው «ተመርምሬያለሁ!» ይላሉ፤ ያልተመረመረ ሰው አንገቱን ይደፋል። ነገሩን ስታስቡት እውነት አላቸው። በዚያ መንደር ጤነኛነቱ በላቦራቶሪ የተመሰከረለት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ሰዉም ከማንም አጠገብ ከመቀመጥ እሳቸው አጠገብ መቀመጥ መረጠ። ልጅ ያላት እናት እንሰት ልትፍቅ ስትሄድ ልጇን እሳቸው ጋ ታስቀምጥ ጀመር።

ልጃችን ግንቦት ላይ ተወለደች። በሦስተኛው ቀን አማቴ ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው፣ ቡላቸውን አሸክመው፣ ፈቃዳቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ሕፃኗን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ሲያስተኟት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ሳሉ ጀመረ፤ ደስታዬም እንደዚያው ቀዘቀዘ።

በእኛ ቤተሰብ አማትና አማች ተከባብረውና ተራርቀው ነው የሚኖሩት። አማች አማቱ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ትክ ብሎ አያያቸውም፣ «እንዲህ ያድርጉ» ማለት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ለነገሩ ለእሳቸው አይሠራም፤ እሳቸው መቼ ደበቁ? አዋጅ ነው ያስነገሩት። እኔ የቻልኩት መስኮት መክፈት ብቻ ነበር። ጠዋት ተነስቼ የአራስ ቤቱን መስኮት እከፍታለሁ፤ እሳቸው አራስ ነፋስ ይመታታል ብለው ይዘጋሉ። ቡና ላምጣ ብዬ ገብቼ እከፍታለሁ፤ ስኒ ሊመልሱ ተነስተው ይዘጋሉ። አንድም ቃል ሳንነጋገር ሰኔ እስኪገባ በአንድ መስኮት ተዋጋን። አሸናፊው ማን እንደነበር አልደብቅም፤ ባለቤቴ በላብ ተጠምቃ ነበር።

ነገሩን የቆረጠችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት እናቷ መቀነታቸውን ሲታጠቁ አየች፤ ድሮ የሚያጥረው መቀነት ዞሮ ዞሮ ጫፉ ተርፎ ጉልበታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«እማዬ፣ ነገ ሆስፒታል ትሄጃለሽ» አለች።

«እኔ? እኔ ነፃ ነኝ።»

«ነፃ የወጣሽው ከኮሮና ነው፤ ከሳል አይደለም።»

አማቴ ሕፃኗን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ለእናቷ ሰጧት።

አራስ ስለማትወጣ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ራቅ ብዬ። መንገድ ላይ የሚያየን ሁሉ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለውን ማስታወቂያ ያከበርን ይመስለዋል። እኛ አማትና አማች ኮሮና ሳይፈጠርም የምንሄደው እንዲሁ ነው።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን እየደገነ የሰው ግንባር ያነጣጥራል። «ምን ሆነው ነው?» አለኝ። «ሳል» አልኩት። ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ «ሳል በዚያ በኩል!» ብሎ የኮሮናውን ድንኳን አሳየኝ።

አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋሉ፤ ሲናደዱ ደግሞ ይብስባቸዋል። «እኔ ተመርምሯል! ነፃ ነህ ብላኛለች ሰውዬው!» አሉ።

«ነፃ ከሆኑ ለምን ይስላሉ ታዲያ?» አለ ዘበኛው።

እውነት ለመናገር ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። መልሱን ለመስማት ግን አልቆመም። ወረፋ ላይ የነበረች አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ በወላይትኛ «ሳል አትበሉ፤ ወገብ በሉ» አለችን። ዞረን በሌላው በር ሄድን። አማቴ ወገባቸውን ይዘው፣ ሳላቸውን ውጠው፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ተዋናይ ሆነው «ወገብ!» ብለን ገባን።

መግባቱስ ገባን፤ የቆየ ሳል የሚታይበት የቲቢ ክፍል ግን የለም። ድሮ የማውቀው ቤት በቢጫ ፕላስቲክ ታጥሮ የኮሮና ታማሚ ማቆያ ሆኗል። ከውስጥ ከእግር እስከ ራሱ የተሸፈነ ሰው በእጁ ሂዱ ሂዱ አለን። አንዱን ስጠይቅ ወደ ላይ ነው ይላል፣ ሌላው ወደ ታች ነው ይላል። ፋይል የተሸከመ አንድ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ አሰበና «ቲቢ? ቲቢ እንኳ የቆመ መሰለኝ» አለኝ። በሽታው ራሱ የዓመት ፈቃድ ሞልቶ የወጣ ነበር የሚመስለው።

ያገኘነው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው። እርጥብ አንሶላ በተሰጣበት ገመድ መካከል፣ ሸራ ተወጥሮ፣ አንዲት ነርስ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታየን ብድግ አለች። «እንዴት አገኛችሁኝ?» አለች፤ የጠፋችው እሷ ነበረች የሚመስለው። የሥራ ባልደረቦቿን የኮሮናው ክፍል ወስዷቸዋል። «ድሮ ወረፋው እስከ መንገድ ይደርስ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሲደርቅ አያለሁ። ሶዶ ድና ነው ወይስ ተደብቃ ነው ብዬ ሳስብ ነበር» አለች።

«ተደብቃ ነው» አልኳት። አማቴ ወደ መሬት አዩ።

ነርሷ ስለ ሳሉ፣ ስለ ማታው ላብ፣ ስለ ክሳቱ ጠየቀቻቸው። የአክታ መመርመሪያው ማሽን ለኮሮና ስለተወሰደ በማይክሮስኮፕ እንደሚታይ ነገረችን። በማግስቱ የጠዋት አክታ ይዘን ተመለስን፣ ዘበኛውን በወገብ አለፍነው፤ ላቦራቶሪው በሰው እጥረት ስለተዘጋ ሌላ ቀን ተባልን፤ ደግሞ በወገብ አለፍነው። እስከ መጨረሻው ዘበኛው የአማቴ ወገብ ከልቡ ያሳስበው ጀመር፤ «እማማ፣ ዛሬስ ተሻለዎት?» ይላቸዋል።

ውጤቱን የሰማነው በአንሶላዎቹ መካከል ቆመን ነው። ነርሷ ቀስ ብላ «የሳምባ ነቀርሳ አለብዎት እማማ። ግን ይድናል፤ ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናል» አለቻቸው። አማቴ ስለ መድኃኒቱ አልጠየቁም፣ ስለ ራሳቸውም አልጠየቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በወላይትኛ ለእኔ ተናገሩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ፊቴን ቀጥ ብለው አይተው የተናገሩኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «መምህር፣ ስሜያታለሁ። በየቀኑ ስሜያታለሁ።»

 ነርሷ ሕፃኗ ትምጣ፣ እናያታለን፣ የመከላከያ መድኃኒት እንሰጣታለን አለች። እኔም ነገውኑ አመጣታለሁ አልኩ።

ቤት ስንደርስ አማቴ አልገቡም። ከግቢው በር ላይ ቆመው ጋቢያቸው እንዲወጣላቸው ጠየቁ። ባለቤቴ ሕፃኗን አቅፋ መስኮቱ ላይ ሆና ታለቅሳለች። «መስኮቱን ክፈቱት» አሉ አማቴ። «ሁሉንም ክፈቱት።» ከዚያ መድኃኒታቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ሄዱ። እስከዚያ ልሸኝዎት ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

ድሮ ቢሆን መድኃኒቱ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ተሄዶ፣ ባለሙያ እያየ ነበር የሚዋጠው። በኮሮና ምክንያት ሰው እንዳይመላለስ የወር የወሩ ይሰጥ ጀመር፤ አይቶ የሚያስውጥ ሰው ከቤተሰብ ፈልጉ ተባልን። ሥራ ፈት መምህር ተገኘ። በየጠዋቱ እደውላለሁ። አማቴ ስልኩን ከፍተው ጉሮሯቸው አጠገብ ያደርጉና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይውጣሉ፤ ግልክ የሚለው ይሰማኛል። «ዋጥኩ» ይላሉ። «ሰማሁ» እላለሁ። መጀመሪያ ይህ ብቻ ነበር ንግግራችን። ቆይቶ ስለ ዝናቡ ጨመርን፣ ከዚያ ስለ ጎዳሬው፣ ከዚያ ስለ ሕፃኗ ጥርስ። ፊት ለፊት ስላልሆንን ነውሩ ቀለለን መሰለኝ። ባለቤቴ «ከእኔ ጋር እንኳ ይህን ያህል አታወራም» ብላ ቀናች። ሽንታቸው በመድኃኒቱ ምክንያት ቀይ ሲሆን መጀመሪያ የነገሩት ለእኔ ነው፤ በየትኛው የአማችነት ሕግ ይህ እንደሚፈቀድ አላውቅም።

ነርሷ አብረዋቸው የሚስሉ ሰዎች እንዲመጡ ነግራቸው ነበር። ወደ መንደር ወርዶ የሚፈልግ ሰው የለም፤ መኪናውም ሰዉም ኮሮና ላይ ነው። አማቴ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ወረፋ የያዘውን ሁሉ በየስሙ ጠሩት። «አንተ ትስላለህ። አንቺም ትስያለሽ። እኔ ሰምቻችኋለሁ» አሉ። ሰዉ ካደ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ፤ ምን ብሎ በሩን እንደሚያልፍ እሳቸው አስጠንተውታል። ዘበኛው ከሻንቶ በኩል የወገብ ወረርሽኝ መጣ ብሎ ሳይደነግጥ አልቀረም። መድኃኒት የጀመሩም ነበሩ። ያኔ ከወፍጮ ቤቱ የሮጡት ሽማግሌ ግን ለሕክምናው አልደረሱም። ክረምት ላይ ሞቱ፤ በምን እንደሞቱ የመረመረ የለም። ሰው ፈርቶ ጥቂት ሆኖ ነው የቀበራቸው። አማቴ በስልክ ሲነግሩኝ አለቀሱ። «ከኋላዬ ነበር የሚቆመው። አብረን ነበርን» አሉኝ። ያን ጠዋት «ዋጥኩ» ለማለት ብዙ ቆዩ።

ልጃችን የመከላከያውን ፍሬ ተደቅቆላት፣ ከውሃ ጋር በማንኪያ እየተሰጣት፣ እየተፋችብን አደገች። ምንም አልሆነችም። ነርሷ አማቴን ደግማ መርምራ አክታቸው ንጹሕ መሆኑን፣ ሕፃኗን ማቀፍ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። እምቢ አሉ። «አንዴ ነፃ ነህ ብላኝ ነበር ሰውዬው» አሉ። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው ፍሬ ካላለቀ አልነካትም ብለው ማሉ። ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል መጡ፤ ግን ከጓሮው አቮካዶ ሥር ወንበር አውጥተው፣ ጭምብላቸውን እስከ ዓይናቸው አጥልቀው ተቀመጡ። ሕፃኗ በረንዳው ላይ፣ እሳቸው ከዛፉ ሥር ሆነው ሲያንጎራጉሩላት ዋሉ። ከዚያም ቢሆን በየወሩ መድኃኒት ሊወስዱ በመጡ ቁጥር ከዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ ትንሿም ከበረንዳው ሆና ታያቸዋለች፣ ትስቅላቸዋለች።

ታኅሣሥ ላይ መድኃኒቱ አለቀ። አማቴ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸው ሞልቶ፣ ጭምብላቸውን አውልቀው መጡ። ሳሎን ገብተው ሳይቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤቴ ልጇን ሰጠቻቸው። ልጅቷ ያን ባዶ ፊት፣ ያን አፍንጫና ያን አፍ ለአንድ አፍታ አየችና በጩኸት ቤቱን አፈረሰችው። ወደ እናቷ ተወረወረች። እኔ ላባብል ብሞክር፣ ባለቤቴ «አያትሽ እኮ ናቸው» ብትላት ወይ ፍንክች። አማቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። 

ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ሰደዱና ጭምብሉን አወጡ። አደረጉት። ልጅቷ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ አየቻቸው። ደግማ አየቻቸው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ሁለት እጇን ዘረጋችላቸውና ደረታቸው ላይ ተለጠፈች።

ምሳ ቀረበ። እኔ «እማማ፣ አሁን ያውልቁትና ይብሉ» አልኳቸው፤ አማች ለአማቱ ይህን ማለት አይገባውም ነበር። አማቴ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕፃኗን እንዳቀፉ፣ ጭምብላቸውን ሳያወልቁ፣ ምንም ሳይቀምሱ እስኪመሽ ዋሉ።